ያገለገለ የስልክ ማሽን ገዝታችሁ የውጭ መስመሩ እምቢ ሲል

ቢሮ ሲዘጋ ወንበሩና ጠረጴዛው በጨረታ ይሸጣል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የስልክ ማሽንም፣ የቴሌን መስመር ለቢሮው ስልኮች የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ አብሮ ይወጣል። ገዢው ወስዶ ይሰቅለዋል፣ የውስጥ ስልኮቹ ወዲያው እርስ በርስ ይጠራራሉ፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ አንዱ 9 ተጭኖ ወደ ውጭ ሊደውል ሲል ወይ ጭጭ፣ ወይ ቢዚ። "የተበላሸ ማሽን ሸጡልኝ" የሚለው ስልክ የሚደርሰኝ ያኔ ነው።

እንዲህ ከተባለባቸው ማሽኖች እስካሁን ባየሁት በእውነት የተቃጠሉት ጥቂት ናቸው። ያገለገለ ማሽን የድሮ ባለቤቱን ልማድ ይዞ ነው የሚመጣው። ማን ወደ ሞባይል እንዳይደውል፣ ከውጭ ሲደወል ማን ጋ እንዲጮህ፣ ስንት መስመር እንደነበራቸው፣ ስንት ሰዓት ዘግተው እንደሚወጡ፣ ሁሉም ሆዱ ውስጥ ተጽፏል። አዲሱ ቢሮ ይህን ሁሉ ብልሽት ይለዋል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ጥፋቱ የቴሌ፣ የሽቦው፣ የማሽኑ ወይስ የድሮው ባለቤት ትእዛዝ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለዚያ ነው። አታዘባርቁት፤ አንዱን ዘልሎ ወደ ፕሮግራም የገባ ሰው ጥፋቱን ሁለት ያደርገዋል።

ምሳሌ የማደርገው ፓናሶኒክ ኬኤክስ-ቲኢኤስ824ን ነው፤ በትናንሽ ቢሮዎች በብዛት የማገኘው እሱን ስለሆነ። ካርድ ሳይጨመርበት 3 የውጭ መስመርና 8 የውስጥ ስልክ ይይዛል፤ በካርድ እስከ 8 የውጭና 24 የውስጥ ይደርሳል። ሌላ ማሽን ያላችሁ የኮድ ቁጥሮቹን ተዉአቸው፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

አንድ ተራ ስልክ። እጀታና ቁልፍ ብቻ ያለው፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ መሥራቱን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ያረጋገጣችሁት ይሁን። በማይታመን ስልክ መስመር መፈተሽ በተሰበረ ሚዛን እንደመመዘን ነው። ቴስተር፣ ሁለት አጫጭር የስልክ ገመድ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ጨምሩ።

ፕሮግራም ለመክፈት ማሳያ ያለው የፓናሶኒክ ስልክ ያስፈልጋል፤ ኬኤክስ-ቲ7730 ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሻጩ "ይህም ፓናሶኒክ ነው" ብሎ መልከ መልካም ዲጂታል ስልክ ይጨምርላችኋል፤ ቲኢኤስ824 ግን ዲጂታሉን ስልክ አያውቀውም። ትክክለኛው ስልክ ተሰክቶም ማሳያው ካልበራ ገመዱን እዩ። ይህ ስልክ አራቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ገመድ ለተራ ስልክ እንጂ ለእሱ አይሆንም።

ጥንቃቄውን ባጭሩ ልናገር። የስልክ መስመር ዝም ብሎ ሲቀመጥ 48 ቮልት አካባቢ ነው፣ አይጎዳም፤ ሲጮህ ግን ወደ 90 ቮልት ተለዋጭ ኃይል ይመጣበታልና ሽቦውን በእጃችሁ ይዛችሁ ከሆነ ያስደነግጣችኋል። ማሽኑ ውስጥ ደግሞ 220 አለ፤ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉት። ነጎድጓድ እየጮኸ የስልክ ሽቦ አይነካም።

አንደኛ፦ መስመሩን ለብቻው ፈትሹ

ማሽኑን እርሱት። የቴሌ ሽቦ ወደ ቢሮው የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ፤ ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ ሳጥን ትሆናለች፣ ክሮን (ሽቦዎች ተመትተው የሚገቡበት የፕላስቲክ ማገናኛ) ትሆናለች፣ ፋይበር ከገባላችሁ ደግሞ የፋይበሩ ሳጥን የስልክ ቀዳዳ ናት። ከዚያ ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ንቀሉና ተራውን ስልክ በቀጥታ ሰኩ። እዚያው ቆማችሁ አራት ነገር አድርጉ፦ ቶኑን (እጀታው ሲነሳ የሚሰማውን ድምፅ) ስሙ፣ ወደ ሞባይላችሁ ደውሉ፣ ከሞባይላችሁ ወደ መስመሩ ደውላችሁ አስጩሁት፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል አውሩበት። ብዙ ሰው ቶን ሰምቶ "መስመሩ ደህና ነው" ብሎ ይሄዳል። ቶን ያለው መስመር መደወል ላይችል ይችላል፤ የሚደውል መስመርም ላይጮህ ይችላል።

ቶን አለ ግን ስትደውሉ የተቀዳ ድምፅ የሚመልስላችሁ ከሆነ እስከ መጨረሻው አዳምጡት። ያልተከፈለ ሂሳብ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ማሽን ስፈታ ውዬ ጥፋቱ ገንዘብ ያዡ መሳቢያ ውስጥ ያለች ወረቀት ሆና አግኝቻለሁ።

ያላችሁን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ እንዲህ ፈትሹና በወረቀቱ ላይ ጻፉ፦ የመስመሩን ቁጥር፣ ቶን፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ፣ ጥራት። ገመዶቹ ላይም ቁጥራቸውን በፕላስተር ለጥፉ። የትኛው ገመድ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ሳያውቁ መቀጠል በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

በተራ ስልክ እዚያው መግቢያው ላይ የማይሠራ መስመር የማሽኑ ጉዳይ አይደለም። የቴሌ ጉዳይ ነው፤ አቤቱታውን እንዴት እንደምታቀርቡ ወደ ታች አለ።

ሁለተኛ፦ ቴስተሩ ምን ይላል

ቴስተሩን ቀጥተኛ ቮልት፣ 200 ላይ አድርጉና ሁለቱን ሽቦዎች ለኩ። የቀነስ ምልክት ቢያሳያችሁ አትጨነቁ፤ ሽቦዎቹን አገላብጣችሁ ይዛችኋል ማለት ነው።

48 አካባቢ፣ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ መስመሩ በሕይወት አለ። ስልኩን ስታነሱ ወደ 6 እስከ 12 ይወርዳል፤ ይህ ጤና ነው። ምንም ስልክ ሳይነሳ ገና ሲለካ ከ10 በታች ከሆነ አንድ ነገር መስመሩን "አንስቶ" ይዞታል፦ እጀታው በደንብ ያልተቀመጠ ስልክ፣ የተነካኩ ሁለት ሽቦዎች፣ ወይም ማሽኑ ራሱ። ዜሮ ከሆነ ተቆርጧል ወይም ሁለቱ ሽቦዎች ሙሉ በሙሉ ተገናኝተዋል። በመካከል ያለ፣ ሃያ ምናምን የሚል፣ ደግሞም ከደቂቃ ደቂቃ የሚዋዥቅ ቁጥር ካያችሁ እርጥበት ጠርጥሩ።

አሁን ያንኑ መለኪያ ማሽኑ ጋ በሚደርሰው ጫፍ ላይ ድገሙት። መግቢያው ላይ 48፣ ማሽኑ ጋ ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ በመካከል ያለው የራሳችሁ ሽቦ ነው። አይጥ የቆረጠው፣ ጠረጴዛ ሲገፋ የተቀጨ፣ ክሮን ላይ በደንብ ያልተመታ፣ ወይም ጃኩ ላይ ሽቦው የተሳሳተ ቀዳዳ የገባበት ይሆናል። ቲኢኤስ824 ለውጭ መስመር የሚጠቀመው የጃኩን መካከለኛ ሁለት ሽቦ ነው፤ ዳር ያሉት ላይ የታሰረ መስመር ሞቶ ይታያል።

ሦስተኛ፦ ማሽኑን አጥፍታችሁ ስሙ

ይህን ፈተና እወደዋለሁ፤ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ቲኢኤስ824 መብራት ሲጠፋ ቢሮው ጨርሶ እንዳይዘጋ ተብሎ የተሠራ መንገድ አለው፤ ኃይል ሲቋረጥ የመጀመሪያው የውጭ መስመር በቀጥታ ወደ መጀመሪያው የውስጥ ስልክ ጃክ ይሄዳል።

አንደኛው የውስጥ ጃክ ላይ ያለውን ማሳያ ያለው ስልክ ንቀሉና ተራውን ስልክ ሰኩ፤ ማሳያ ያለው ስልክ ያለ ማሽኑ ኃይል አይሠራም። የምታምኑትን መስመር የውጭ መስመር ቀዳዳ 1 ላይ ሰኩ። ማሽኑን አጥፉ። እጀታውን አንሱ።

የቴሌ ቶን ከተሰማ ገመዱ፣ የመስመሩ ጃክ እና በውስጥ ያለው መንገድ ደህና ናቸው። እንግዲህ ማሽኑ ሲበራ ያ መስመር የማይሠራ ከሆነ ወይ ፕሮግራሙ ነው፣ ወይ መስመሩን የሚይዘው የውስጥ ሰርኪት ነው። ጠፍቶም ቶን ከሌለ ገመዱንና ጃኩን እንደገና እዩ፤ አሮጌ ጃክ ውስጥ ያሉት ወርቃማ ሽቦዎች ይታጠፋሉ፣ ይዝጋሉ፣ አቧራ ይለብሳሉ። በባትሪ መብራት አይታችሁ በቀጭን ነገር ቀስ ብሎ ማቅናት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

መስመራችሁ በፋይበር የሚመጣ ከሆነ በዚህ ፈተና የምታጠፉት ማሽኑን ብቻ ይሁን። የፋይበሩን ሳጥን አብራችሁ ካጠፋችሁ ቶኑም አብሮ ይሞታል፤ ከዚያ ደህናውን ማሽን ትወቅሳላችሁ።

አራተኛ፦ አቀያይሩ

ማሽኑን አብሩ። ደህና መሆኑን የምታውቁትን መስመር ቀዳዳ 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3 ላይ እየሰካችሁ ሞክሩ። በየቀዳዳው ስትሞክሩ 9 አትጠቀሙ፤ 9 ባዶ የሆነውን መስመር ራሱ መርጦ ስለሚይዝ የትኛውን እንደያዘ አታውቁም። ማሳያ ባለው ስልክ ላይ የመስመሩን ቁልፍ ተጫኑ፤ በተራ ስልክ ከሆነ 81፣ 82 ወይም 83 ደውሉ። እነዚህ የመስመር ቡድን ቁጥሮች ናቸው፤ የድሮው ባለቤት ካልቀየራቸው ከመስመሩ ቁጥር ጋር ይገጥማሉ።

ጥፋቱ መስመሩን ተከትሎ ከሄደ መስመሩ ነው። ቀዳዳው ላይ ከቀረ ቀዳዳው ወይም የቀዳዳው ፕሮግራም ነው።

ከሌላ አገር ዞሮ የመጣ ማሽን ከሆነ ደግሞ መስመር የሚሰጠው 9 ሳይሆን 0 ሊሆን ይችላል፣ 9 ኦፕሬተር። "9 ስል ፀሐፊዋ ታነሳለች" ያለኝ ሰው ነበር፤ ማሽኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

አምስተኛ፦ ማሽኑን ለራሱ መስመር አድርጉት

የቴሌ መስመር ገና ካልገባላችሁ፣ ወይም ሱቅ ውስጥ ከመግዛታችሁ በፊት መሞከር ከፈለጋችሁ ይህችን ዘዴ ያዙ። የውስጥ ጃክ ራሱ ቶን ይሰጣል፣ ያስጮሃልም። ቮልቱ ከቴሌው ዝቅ ያለ ነው፤ ለፈተናው ግን ይበቃል። ስለዚህ ከ8ኛው የውስጥ ጃክ አጭር ገመድ አውጥታችሁ የውጭ መስመር ቀዳዳ 1 ላይ ሰኩት። አሁን ማሽኑ የራሱን ጅራት ነክሷል፤ የውስጥ ቁጥር 108ን እንደ ቴሌ መስመር ያየዋል።

ከ101 ላይ 81 ደውሉ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ቶን ይሰማችኋል፤ ይህ የ108 ቶን ነው። 102 ደውሉ። 102 ከጮኸ ቀዳዳ 1 መስመር መያዝም ቁጥር መላክም ይችላል ማለት ነው። ቀጥሎ ገልብጡት፦ ከ102 ላይ 108 ደውሉ። ቀዳዳ 1 ከውጭ የተደወለለት መስሎት እንዲጮሁ የታዘዙትን ስልኮች ያስጮሃል። ገመዱን ወደ ቀዳዳ 2 እና 3 እያዛወራችሁ ድገሙት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩ "ቴሌ ሲገባ ይሠራል" እያለ ከሚያስረዳችሁ ይሻላል።

ስድስተኛ፦ የድሮው ባለቤት ምን ጽፎ ሄደ

እስከዚህ የደረሰ ሰው ሽቦውና ቀዳዳው ደህና መሆናቸውን ያውቃል። አሁን ፕሮግራም መክፈት ይቻላል።

ማሳያ ያለውን ስልክ አንደኛው የውስጥ ጃክ ላይ መልሱ። እጀታው ተቀምጦ እያለ ፕሮግራም የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ከዚያ * እና #፣ ከዚያ የይለፍ ቁጥሩ። ከፋብሪካ ሲወጣ 1234 ነው። ካልተቀበለ የድሮው ባለቤት ቀይሮታል፤ ሻጩን ጠይቁ። 999 የሚባለው ኮድ ሁሉንም ነገር ይደመስሳል፤ ያለውን ነገር በወረቀት ሳትገለብጡ ወደዚያ አትሂዱ።

ፕሮግራም ውስጥ የስልኩ ቁልፎች ሥራ ይለወጣል። ኤስፒ-ፎን "ቀጥል" ይሆናል፣ ኦቶ አንሰር "ምረጥ"፣ ኦቶ ዳያል "መዝግብ"፣ ሆልድ "ጨርስ"። መዝግብ ሳይጫኑ መውጣት ምንም እንዳልሠሩ ነው፤ ይህ ሁላችንም ላይ ደርሷል።

400 ላይ ጀምሩ። ይህ ለእያንዳንዱ የውጭ ቀዳዳ "መስመር ተሰክቶበታል" ወይም "አልተሰካም" የሚል ትእዛዝ ነው። የድሮው ቢሮ ሦስት መስመር ነበረው፣ እናንተ አንድ አላችሁ እንበል። ሦስቱም "ተሰክቷል" ተብለው ከቀሩ፣ 9 ስትሉ ማሽኑ ባዶውን ቀዳዳ ሊሰጣችሁ ይችላል። ያኔ ጭጭ ይላል። ዘግታችሁ ስትደግሙ ሌላ ያገኝና ይሠራል። "አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም" ከሚባሉት ጥፋቶች መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። 400፣ ቀጥል፣ 2፣ "አልተሰካም" እስኪል ምረጥ፣ መዝግብ፣ ጨርስ። ለ3ም እንዲሁ። ተቃራኒውም አለ፤ መስመር የሰካችሁበት ቀዳዳ "አልተሰካም" ተብሎ ከሆነ 81 ስትሉ አይሰጣችሁም።

401 የመደወያ ዓይነት ነው። ቶን አለ፣ ቁጥር ትጫናላችሁ፣ ቶኑ ግን አይቋረጥም፤ ወይም ደግሞ በመስመሩ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማችኋል። ማሽኑ በጥንቱ በፐልስ (ቁጥሩን በጠቅታ በሚልከው ዘዴ) እንዲደውል ታዝዟል። ወደ ቶን ቀይሩት፤ በተለይ በፋይበር የመጣ መስመር ፐልስ ላይገባው ይችላል።

405 የትኛው የውስጥ ስልክ በየትኛው መስመር ወደ ውጭ መውጣት እንደሚችል ይናገራል፣ በቀን። 406 የማታው፣ 407 የምሳ ሰዓቱ ነው። "ከፀሐፊዋ ስልክ ይደወላል፣ ከእኔ ግን አይደወልም" የሚል ካለ እዚህ እዩ።

ቀጥሎ 601፤ የቀን የክልከላ ደረጃ። ደረጃ 1 ምንም አይከለከልም፤ ደረጃ 5 የውስጥ ጥሪ ብቻ ነው። በመካከል ያሉት ደግሞ የተከለከሉ መነሻ ቁጥሮች ሠንጠረዥና ከዚያ የተፈቀዱ ልዩ ቁጥሮች አሏቸው። ያገለገለ ማሽን ላይ ደጋግሜ የማገኛት ነገር አለች፦ ወደ 09 ይደውላል፣ ወደ 07 ግን በጭራሽ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በፈረንጆች ጥቅምት 2022 ነው፤ ማሽኑ የተጻፈው ከዚያ በፊት ከሆነ የተፈቀዱት ውስጥ 07 የለም። አንዳንዱ ከዚያም ይብስና 091 ብቻ ነው የሚያውቀው፤ 092 እና 094 እንኳን ለእሱ እንግዳ ናቸው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንዱን ስልክ ለጊዜው ደረጃ 1 አድርጉና ወደ 07 ደውሉ። ከሄደ ጥፋቱ የክልከላው ሠንጠረዥ ነው፤ መስመሩን ተዉት።

ሌላው የደቂቃ ገደብ ነው። ጥሪው ሁልጊዜ በእኩል ደቂቃ ላይ፣ ለምሳሌ ልክ በአሥር ደቂቃው፣ ከተቆረጠ ቴሌን አትክሰሱ። የሽቦ ብልሽት ሰዓት አይቆጥርም። የድሮው ሥራ አስኪያጅ ወሬ የሚያበዛ ሠራተኛ ነበረው ማለት ነው።

ከውጭ ሲደወል የማይጮህ

ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ይገባዋል፤ ሰው ሳያውቀው ሳምንታት ስለሚያልፍ። ደዋዩ ጆሮ ላይ ይጠራል፣ ቢሮ ውስጥ ግን ፀጥታ ነው። ደንበኛ "ደውዬ አታነሱም" ሲል ነው የሚታወቀው።

408 የየመስመሩን ጥሪ የትኛው የውስጥ ስልክ ላይ እንደሚጮህ ይወስናል፣ በቀን፤ 409 በማታ፣ 410 በምሳ። የድሮው ቢሮ እንግዳ ተቀባይ 105 ላይ ከነበረችና እናንተ 105 ላይ ምንም ካልሰካችሁ፣ ስልኩ ባዶ ግድግዳ ላይ እየጮኸ ነው። 414 ደግሞ የመስመሩን የጥሪ አቀባበል ይወስናል፦ እንደተለመደው ብዙ ስልክ ላይ ይጩህ፣ አንድ ሰው ጋ ብቻ ይሂድ፣ ወይስ ማሽኑ ራሱ አንስቶ "የውስጥ ቁጥሩን ይጫኑ" ይበል። የመጨረሻው ዲሳ ይባላል። ዲሳ ተከፍቶ መልእክት ካልተቀዳበት ደዋዩ አጭር ድምፅ ሰምቶ ባዶ ላይ ይቀራል። የማትጠቀሙበት ከሆነ ዝጉት። ባልታወቀ ሰው የተስተካከለ ዲሳ፣ ከውጭ የደወለ ሰው በእናንተ መስመር ተሻግሮ እንዲደውል በር ሊከፍት ይችላል፤ ሂሳቡ የሚመጣው ለእናንተ ነው። 1234ንም በዚሁ አጋጣሚ ቀይሩት።

አሁን ስለ ሰዓቱ። አንዲት ፀሐፊ ደወለችልኝ፦ "ጋሼ፣ ስልካችን ከሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው።" ከሰዓት የሚሠራ ስልክ? ሄድኩ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በሞባይሌ ደወልኩ፤ ቢሮው ውስጥ ዝም። ጥበቃው ክፍል ውስጥ ግን ሩቅ ይጮሃል፤ ጥበቃው ደግሞ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ነው የሚቆመው። ማሳያውን አየሁት። አራት ሰዓት፣ ከእኩለ ቀን በፊት ይላል። ገባኝ። ማሽኑን የሰቀለው ልጅ እጁ ላይ ያለችውን ሰዓት አይቶ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ለማሽኑ 4 ሰዓት ንጋት ነው፤ ማታ ላይ ነኝ ብሎ ጥሪውን ሁሉ ወደ ጥበቃው ይልካል። ቀን የሚጀምረው በእሱ 9 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፤ የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ማሽኑ "ነጋ" ብሎ ወደ ፀሐፊዋ ያዞራል። 000 ከፍቼ በፈረንጅ አቆጣጠር 10 ሰዓት አልኩት፤ አለቀ። ሂሳብ ስጠይቅ ግን አፈርኩ።

ሰዓቱ በትክክል ተሞልቶም መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሳሳት ከሆነ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ አርጅታለች። የቀንና ማታውን መቀያየር በራሱ ሰዓት እንዲያደርግ ከመተው በእጅ እንዲሆን አድርጉት።

መስመሩ ተይዞ ሲቀር

ማውራት ጨርሳችሁ ዘግታችኋል፤ የመስመሩ መብራት ግን አይጠፋም። ወይም የደወለው ሰው ዘግቶ ሄዷል፣ ማሽኑ ገና "አለ" ብሎ ይጠብቃል፤ ሌላ ደዋይ ቢዚ ያገኛል። ይህ በብዛት የሚታየው ማሽኑ ራሱ ባነሳው ጥሪ፣ ወይም ከውጭ ወደ ውጭ በተላለፈ ጥሪ ላይ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ማዶ ያለው ሰው ሲዘጋ ማሽኑ በራሱ አያውቅም። መስመሩ ለቅጽበት ኃይሉን ማቋረጥ ወይም ዋልታውን መገልበጥ አለበት፤ ያ ምልክት ሲመጣ ነው ማሽኑ የሚለቀው። መስመሩ ምልክቱን ካልላከ፣ ወይም ማሽኑ ምልክቱን እንዲያይ ካልታዘዘ፣ ይዞ ይቀራል።

ለጊዜው የመስመሩን ገመድ ለአሥር ሴኮንድ ነቅሎ መመለስ ያስለቅቀዋል። ዘላቂው መፍትሔ በፕሮግራሙ ውስጥ የመዝጊያ ምልክት መለያውን መክፈት ነው፤ መስመሩ ግን ምልክቱን ጭራሽ የማይልክ ከሆነ ዲሳን መዝጋትና የውጭ ለውጭ ማስተላለፍን መከልከል ብቻ ይቀራል። ከመዳብ ወደ ፋይበር የተቀየረ ቢሮ ይህን "ትናንት ደህና ነበር" ብሎ ቢያማርር እውነቱን ነው፤ ማሽኑ አልተለወጠም፣ የተለወጠው መስመሩ ነው። በነገራችን ላይ ማሽኑን ዩፒኤስ ላይ ሰክታችሁ የፋይበሩን ሳጥን ተራ ሶኬት ላይ ከተዋችሁት መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ቁጭ ብሎ የሞተ መስመር ይጠብቃል። ሁለቱንም አንድ ዩፒኤስ ላይ አድርጉ።

ሲጮህ፣ ሲያፏጭ፣ ሲንኮሻኮሽ

መግቢያው ላይ ተራውን ስልክ ሰክታችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኑ። ቶኑ ይቆማል፣ ለጥቂት ሴኮንድ ፀጥታ ይሆናል። በዚያ ፀጥታ ውስጥ የምትሰሙት የመስመሩ እውነተኛ ድምፅ ነው።

መንኮሻኮሽ፣ በተለይ ክረምት ላይ ዝናብ ከዘነበ በኋላ የሚብስና በጋ ላይ የሚጠፋ ከሆነ፣ አንድ መገጣጠሚያ ውስጥ ውሃ ገብቷል። በራሳችሁ ግቢ ውስጥ በፕላስቲክ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ካለ ቁረጡትና በአዲስ አገጣጥሙት፤ ምሰሶው ላይ ወይም ዲፒው (የቴሌ ማከፋፈያ ሳጥን) ውስጥ ከሆነ የቴሌ ነው። ዘላቂ "ህምም" የሚል ድምፅ ካለ የስልኩ ገመድ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር በአንድ ቦይ ተጋድሟል ወይም የማሽኑ ምድር ሽቦ አልተሰካም። "ሽሽሽ" የሚለው ደግሞ በዚያው መስመር ኤዲኤስኤል ኢንተርኔት ካለ ስፕሊተር (ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለየው ትንሽ ሳጥን) ተዘሏል፤ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ከስፕሊተሩ የስልክ ቀዳዳ መውጣት አለበት።

ቴሌ ጋ ስትደውሉ

ለግለሰብ 994፣ ለድርጅት ደንበኛ 980 ነው። "ስልካችን አይሠራም" ብቻ ካላችሁ "ከእናንተ ማሽን ይሆናል" የሚል መልስ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ተናገሩ፦ "ማሽኑን ነቅለን፣ መግቢያው ላይ በተራ ስልክ ሞክረናል፣ ቶን የለም፣ የለካነው ቮልት ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው።" የአቤቱታ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ጻፉ። ሠራተኛው ሲመጣ መግቢያውን አሳዩት፤ ማሽኑን አትክፈቱለት፣ ጉዳዩ እዚያ አይደለም።

በእውነት የተቃጠለ ቀዳዳ

ሁሉንም አድርጋችሁ፣ ደህና መስመር ሰክታችሁ፣ 400 "ተሰክቷል" ተብሎ፣ ጅራቱን የማስነከሱ ፈተናም ወድቆ ያው አንድ ቀዳዳ እምቢ ካለ፣ ያኔ ተቃጥሏል በሉ። አብዛኛውን ጊዜ መብረቅ ነው፤ ምድር ሽቦ በሌለው ማሽን ላይ አንድ የክረምት ነጎድጓድ ይበቃል። ክዳኑን ስትከፍቱ የጠቆረ ቦታ ወይም የተቃጠለ ሽታ ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል።

ለአንድ ቀዳዳ ብሎ ማሽን መጣል አያስፈልግም። ያንን ቀዳዳ በ400 "አልተሰካም" በሉት፣ መስመሩን ወደ ሌላ አዛውሩ። ቀዳዳ ካጠራችሁ ሁለት መስመር የሚጨምረው ኬኤክስ-ቲኢ82480፣ ወይም ሦስት መስመርና ስምንት የውስጥ ስልክ የሚጨምረው ኬኤክስ-ቲኢ82483 ካርድ ያገለገለ ይገኛል፤ ማሽኑ ጠፍቶና ከሶኬት ተነቅሎ ብቻ ይሰካ። ከዚያ ምድር ሽቦውን እሰሩ፣ መስመሩ ላይ የመብረቅ መከላከያ ጨምሩ። የሞተው ቀዳዳ ላይ ደግሞ ቀይ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ሰክቶበት "መስመሩ ሞቷል" እንዳይላችሁ።